ሙሸበካችሁ ለምን ይልፈሰፈሳል? ከሊጡ እስከ ሺራው

ረመዳን በገባ ቁጥር ስለ ሙሸበክ፣ ማለትም ተጠብሶ ሺራ (የተፈላ የስኳር ውሃ) ውስጥ ስለሚነከረው ጣፋጭ፣ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ከመጥበሻው ሲወጣ ኩርሽም ይላል። ሺራ ነክሬ ሻዩ እስኪቀርብ ግን እንደ ራሰ ዳቦ ይሆናል። ምን አጥፍቼ ነው?» ለአንዷ በድምፅ፣ ለሌላው በጽሑፍ ስመልስ ከረምኩ። አሁን አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለተገናኙ «ለጾም ይሆናል ወይ?» የሚሉም ተጨምረዋል። ይሆናል። ከታች ያለው አሠራር እርጎም እንቁላልም ቅቤም አይገባበትም።

መጀመሪያ፦ የማንን አሠራር ነው የያዛችሁት?

ይሄን የማነሳው ግማሹ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ የሚሸጠው፣ ሶማሌዎቹ የሚሠሩት፣ የመን ያለው፣ የግብፅዋ ዱምያጥ የምትታወቅበት፣ ሁሉም ሙሸበክ ነው። ህንዶች ጋ ጃሌቢ የሚባል ዘመድ አለው። ኢራን ዙልቢያ፣ ቱኒዚያና አልጄሪያ ዝላቢያ ይሉታል። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሊጣቸው ግን ይለያያል። የጃሌቢ ሊጥ ብዙ ጊዜ እርጎ ገብቶበት ያድራል፣ ኮምጠጥ ይላል። ዙልቢያ ስታርች ይበዛዋል፣ እርጎና የጽጌረዳ ውሃም ይገባበታል። «ዘላቢያ» ብላችሁ ስትፈልጉ ደግሞ የግብፁ ሊመጣባችሁ ይችላል። እሱ ክብ ክብ ኳስ ነው፣ ዓረብ አገር የኖራችሁ ሉቀይማት የምትሉት ዓይነት።

ስለዚህ ሊጡን ከአንዱ ቪዲዮ፣ ሺራውን ከሌላው አትውሰዱ። ውፍረታቸው ተለክቶ የተሠራው እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ነው። እኔ እዚህ የምጽፈው በእርሾ የሚነሳውን፣ እኛ አገር የለመድነውን ዓይነት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መዳፍ የሚያህል ስፋት ያላቸው ከ10 እስከ 12 ሙሸበክ ይወጣዋል። ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። የቡና ስኒ አይደለም፣ የሻይ ብርጭቆም አይደለም። ሚዛን ካላችሁ በግራሙ ሂዱ።

ለሊጡ፦
- የፉርኖ ዱቄት 2 ኩባያ (250 ግራም)
- ኮርን ስታርች ግማሽ ኩባያ (60 ግራም)
- ደረቅ እርሾ 1 የሻይ ማንኪያ
- ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ
- ለብ ያለ ውሃ ከ1 ተኩል እስከ 1 ከሦስት አራተኛ ኩባያ
- እርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ወይም ጥቂት ብርቱካናማ የምግብ ቀለም

ለሺራው፦
- ስኳር 3 ኩባያ (600 ግራም)
- ውሃ 1 ተኩል ኩባያ
- የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ሄል 5 ወይም 6 ፍሬ፣ ፈርከስ ፈርከስ የተደረገ

ለመጥበሻ 1 ሊትር ያህል ዘይት። የሱፍ ዘይት ይሻላል። ፓልም ዘይት እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ አገር ይረጋል፤ ሙሸበኩ ሲበርድ ላዩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፣ ላንቃም ይይዛል።

ከዕቃ፦ ጠፍጣፋና ጎኑ ከፍ ያለ መጥበሻ (ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ)፣ ወንፊት፣ መቆንጠጫ ወይም ሁለት ሹካ፣ ዘይትና ሺራ የሚጠፈፍበት ሽቦ፣ እና የምትጨምቁበት ጠርሙስ። ስለ ጠርሙሱ ከታች እመለስበታለሁ።

ስታርቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮርን ስታርች ማለት ያ ነጭ፣ እንደ ፓውደር የሚልመው ነው። የበቆሎ ዱቄት ሌላ ነው። ባለፈው አንዷ እህቴ ለገንፎ የሚሆን የበቆሎ ዱቄት አግብታ ሙሸበኩ አሸዋ አሸዋ አላት። ስታርች ከጠፋ በልኩ የሩዝ ዱቄት አድርጉ። የሚገባበት ምክንያት ቀላል ነው። የስንዴ ዱቄት ብቻውን ይለጠጣል፣ ሲበርድም ቆዳ ቆዳ ይላል። ስታርቹ ያንን ይሰብረውና ልጡ (የውጭ ቅርፊቱ) ደርቆ እንዲቀር ያደርገዋል።

አሠራሩ

1. ሺራውን አስቀድሙ። ሊጡ ሲያርፍ ሺራው ይሠራል የሚሉ አሉ። እኔ ሺራውን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ሙሸበኩ ሲደርስ ሺራው ለብ ብሎ መጠበቅ አለበት እንጂ ሲንተከተክ መገኘት የለበትም። ስኳሩን፣ ውሃውንና ሄሉን ድስት ውስጥ አድርጉ። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉ። መፍላት ሲጀምር ማንኪያውን አውጡ፣ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ሲፈላ የሚማሰል ሺራ ድስቱ ጎን ላይ ስኳር ይለጥፋል። ያ ስኳር ተመልሶ ሲገባ ሁሉም መልሶ አሸዋ ይሆናል። ሎሚውንም አሁን ጨምሩት። ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ የሚይዘው እሱ ነው።

መካከለኛ እሳት ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፍላ። መድረሱን እንዲህ እዩ፦ በማንኪያ ጠብታ አውጥታችሁ ሳህን ላይ ጣሉ፣ ትንሽ ይብረድ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ጣታችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። አንድ ቀጭን ክር ከተዘረጋ ደርሷል። ክሩ ሳይታይ ከተቆረጠ ገና ነው። ውሃ የበዛበት ሺራ ደግሞ ዋናው የመልፈስፈስ ምክንያት ነው። ሙሸበኩ ስኳሩን ሳይሆን ውሃውን ይጠጣል።

ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ እንዳትሸወዱ። አሠራሮቹ «105 ዲግሪ» ይላሉ። ይሄ ለጅዳና ለጅቡቲ ይሆናል፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታው 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ድሬዳዋ ደግሞ 96 ገደማ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ውሃችሁ ከሚፈላበት 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለውን ነው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 97 አካባቢ። እዚያው ሆናችሁ 105 እስኪሞላ ከጠበቃችሁ ሺራው ከረሜላ ወደ መሆን ሄዷል። ሙሸበኩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ይደርቃል። እኔ ራሴ ይሄን ሳላውቅ ስንት ኪሎ ስኳር አበላሽቻለሁ።

ሲደርስ ከእሳት አውርዱት፣ ሄሉን አጥልሉ። እግረ መንገዴን፣ ሄል ከሌለ ኮረሪማ አታድርጉ። ዘመዳሞች ቢሆኑም ኮረሪማ ጭስ ጭስ የሚል ጠረን አለው፣ ሺራውን ወጥ ወጥ ያሸተዋል። ያለ ምንም ቢቀር ይሻላል።

2. ሊጡን በጥብጡ። ዱቄቱን፣ ስታርቹን፣ እርዱንና ጨውን አንድ ላይ ንፉ። መንፋት ቀልድ የለውም፣ አንዲት ጓል ብትኖር በኋላ የጠርሙሱን ቀዳዳ ትደፍናለች። እርሾውንና ስኳሩን ጨምሩ። 1 ተኩል ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ እስኪልም በጥብጡ። ውሃው ጣት ሲገባበት የማያቃጥል ይሁን፣ ሙቅ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ዘይቱን በመጨረሻ።

እርድ ላይ እጃችሁ አይዘርጋ። ከሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ አልጫ አልጫ ይላል።

3. ውፍረቱን ለኩ። ማንኪያ ነክራችሁ ከፍ አድርጉ። ሊጡ ሳይቋረጥ እንደ ጥብጣብ ይውረድ፣ የወደቀበት ቦታ ላይ መስመሩ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይጥፋ። ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከአምባሻ ሊጥ በጣም የቀጠነ ነው። እየተቆራረጠ ዱብ ዱብ ካለ ወፍራም ነው፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። መስመሩ ወዲያው ከጠፋ ቀጥኗል፣ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ዱቄት እየበጠበጣችሁ ጨምሩበት። ዱቄት ከፋብሪካ ፋብሪካ ውሃ የሚጠጣበት መጠን ስለሚለያይ ከእኔ ቁጥር ይልቅ ማንኪያችሁን እመኑ።

4. ይነሳ። ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት አቆዩት። በሐምሌ የአዲስ አበባ ብርድ 1 ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል፣ ድሬዳዋ ላይ 35 ደቂቃ ይበቃል። ላዩ በትንንሽ አረፋ ሲሞላ ደርሷል። ይሄ አረፋ ለምን አስፈለገ? ሙሸበክ ሲሰበር ውስጡ እንደ ቱቦ ክፍት ነው። ሺራው የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ያልተነሳ ሊጥ ውስጡ ድፍን ስለሚሆን ሺራው ውጭ ቀርቶ ልጡን ያረጥበዋል። ከልክ በላይ የተነሳ ደግሞ ይኮመጥጣል፣ ዘይትም ይመጥጣል። ለሊት አታሳድሩት፣ የጃሌቢ ሥራ ነው ያ።

5. ጠርሙሱ ውስጥ ሙሉት። በፊት በማንኪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ትልልቁ አረፋ ይውጣ። አለበለዚያ ስትጨምቁ «ፕፍ» ብሎ መስመሩ ይበጠሳል።

ለጠርሙስ የሚበልጠው ባዶ የካቻፕ ጠርሙስ ነው። ተጨምቆ መልሶ ይነፋል። ባዶ ሃይላንድም ይሠራል፤ ክዳኑን በጋለ ምስማር ብሱት፣ ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከእርሳስ ቀጠን ያለ ይሁን። ቀዳዳው ከጠበበ ሙሸበኩ እንደ ፓስታ ቀጥኖ ይደርቃል፣ ሺራ የሚይዝበት ሆድ አይኖረውም። ፌስታል ጥጉን ቆርጦ መጠቀም የሚወዱ አሉ። እኔ አንዴ ትኩስ ዘይት ላይ ፈንድቶብኝ ግማሽ ሊጥ ባንድ ጊዜ ገባ፣ ዘይቱ ተፈናጥሮ እጄን ጠበሰኝ። ከዚያ ወዲህ ፌስታል በኩሽናዬ አይታይም።

6. ዘይቱን አግሉ። ዘይቱ መጥበሻው ውስጥ 2 ጣት ያህል ከፍታ ይኑረው። ጥልቅ ድስት አትጠቀሙ፣ ሊጡ ወደ ታች ሰጥሞ ቅርፁ ይበታተናል። ሙቀቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ሊጥ ጣሉ። ታች ነክቶ በ2 ወይም 3 ሰከንድ ዙሪያው እየፈላ ከወጣ ልኩ ነው። ታች ተኝቶ ከቀረ ገና ነው። ወዲያው ብቅ ብሎ ከቀላ በዝቷል። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ፍሙን አስተካክላችሁ ጀምሩ፣ መሃል ላይ ማራገብ ሙቀቱን ያዘልለዋል።

7. ሳሉት። ሙሸበክ በዐረብኛ የተጠላለፈ፣ እንደ መረብ የተያያዘ ማለት ነው። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይነግራችኋል። ጠርሙሱን ከዘይቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ከመሃል ጀምሩ። ሦስት ወይም አራት ዙር ወደ ውጭ አዙሩ። ከዚያ እጃችሁን ሳታነሱ በዙሮቹ ላይ እያቋረጣችሁ ወደ መሃል ተመለሱ፣ አበባ እንደምትሥሉ። ብዙ ሰው ዙሩን ሠርቶ ያቆማል። ማገላበጥ ሲመጣ እንደ ተፈታ ጥለት ይተረተርበታል። የሚይዘው የሚያቋርጠው መስመር ነው።

የመጀመሪያው ያምራል ብላችሁ አትጠብቁ። የእኔም የመጀመሪያው ሁሌ የልጆች ነው። ጠርሙሱ በጣም ቀርቦ ፕላስቲኩ ዘይቱን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

8. አገላብጡ። አንዱ ጎን 2 ደቂቃ ያህል፣ ሌላው ከ1 እስከ 1 ተኩል። አረፋው እስኪቀንስ ጠብቁ። አረፋው ከሊጡ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ገና እየተንጣጣ ያለ ሙሸበክ ውስጡ እርጥብ ነው። በቀለም አትፍረዱ፣ እርዱና ቀለሙ ቶሎ የበሰለ ያስመስሉታል። በመቆንጠጫ ጫፉን መታ መታ አድርጉት። ጠንከር ብሎ ኮሽ ካለ ደርሷል። አውጡና ሽቦው ላይ 10 ሰከንድ ያህል ይጠፍፍ፣ ከዚያ በላይ አይቆይ።

9. ሺራ ውስጥ ንከሩ። ሙሸበኩ ትኩስ፣ ሺራው ለብ ያለ። ለብ ማለት ድስቱን በእጃችሁ ከውጭ ስትነኩት ይዛችሁ መቆየት የምትችሉት ነው፣ 50 ዲግሪ አካባቢ። የሚፈላ ሺራ ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ ልጡን ያበስለዋል፣ ይልፈሰፈሳል። ሺራው ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ወፍሮ አይገባም፣ ላዩን ብቻ ለብጦ ይቀራል። እያንዳንዱን ጎን ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። «ብዙ ይጠጣ» ብላችሁ ለ5 ደቂቃ አትተዉት። ከመሃል ሺራው ከወፈረባችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምሩበትና በለስላሳ እሳት አሙቁት።

10. አጥፍፉ፣ አትሸፍኑ። ሽቦ ላይ ጎን ለጎን፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደራረብ። ትኩሱን ክዳን ባለው ዕቃ ወይም ፌስታል ውስጥ የከተተ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ አበላሸ ማለት ነው፣ በገዛ እንፋሎቱ ይርሳል። ጋዜጣ ላይም አታስቀምጡ፣ ቀለሙ ይለቃል።

ቀልድ የሌለባቸው ጥንቃቄዎች

ትኩስ ዘይት ትታችሁ ስልክ ለማንሳት አትውጡ። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም አይነካው፣ ይፈነዳል። ምድጃውን አጥፉ፣ መጥበሻው ላይ ክዳን ድፉበት፣ መጥበሻውን ይዛችሁ ለመሮጥ አትሞክሩ።

ሺራ ከዘይት ይልቅ ተንኮለኛ ነው፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እስክታነሱት ድረስ ማቃጠሉን አያቆምም። ካገኛችሁ ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አድርጉትና ለ20 ደቂቃ አቆዩት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ልጆች ከምድጃው አካባቢ ይራቁ፣ ማፍጠሪያ ሲቃረብ ሁሉም ኩሽና ይገባልና።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

*ከነከርኩ በኋላ ከለሰለሰብኝ መልሼ ልጥበሰው?* በፍጹም። ስኳሩ ዘይት ውስጥ ይቃጠላል፣ ዘይቱም ይጠቁራል፣ ይፈናጠራል። ሺራ ያልነካው ከለሰለሰ ግን ለ30 ሰከንድ መልሳችሁ ጥበሱት፣ ይመለሳል። ለእንግዳ ስሠራ ይሄን ዘዴ እጠቀማለሁ፤ ከሰዓት ጠብሼ አስቀምጥና ሊበላ ሲል አሙቄ እነክራለሁ።

*ዘይት ጠጣብኝ።* ዘይቱ አልጋለም፣ ወይም ሊጡ ቀጥኗል፣ ወይም አንዴ ብዙ አግብታችሁ ሙቀቱን አወረዳችሁት። በ22 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ አንድ አንድ እንጂ ሁለት አይገባም።

*ጠፍጣፋ ሆነብኝ፣ አልነፋም።* እርሾው ሞቷል። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ከስኳሩና ከሩብ ኩባያው ለብ ያለ ውሃ ጋር ለ10 ደቂቃ አቆዩት። አረፋ ካላወጣ ዱቄት አታባክኑ፣ ሌላ ግዙ።

*ቤኪንግ ፓውደር ብቻ ባደርግስ?* ለሚቸኩል ይሠራል፣ 1 የሻይ ማንኪያ። ወዲያው መጠበስ አለበት፣ ቶሎም ይለሰልሳል። የእርሾውን ያህል ውስጡ ክፍት አይሆንም።

*ስንት ቀን ይቆያል?* ኩርሽምታው የዚያን ዕለት ነው። ለብርድና ለደረቅ አየር እስከ ማግስቱ ይሄዳል። ጅቡቲ፣ ጅዳ፣ ዱባይ ያላችሁ ግን በ3 እና 4 ሰዓት ውስጥ ይለሰልስባችኋል። ስኳር ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ነው፣ እናንተ ያጠፋችሁት የለም። የምትነክሩትን ለማፍጠሪያ በሚበቃው ልክ አድርጉ። ፍሪጅ አታስገቡት።

*የተረፈውን ሺራ ምን ላድርገው?* አጥልላችሁ ብልቃጥ ውስጥ አድርጉ፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ሙሸበክ ስታሞቁት ትንሽ ውሃና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩበት። ዘይቱንም ሲበርድ በጨርቅ አጥልሉት። አንዴ ሙሸበክ የተጠበሰበት ዘይት ለሳምቡሳ ይሆናል፣ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ግን ለሙሸበክ አይሆንም። ሽንኩርት የሚሸት ሙሸበክ ቀምሼ አውቃለሁ።